ዳታቤዙ ደህና፣ ደብዳቤው የተበላሸ፦ ከዳታቤዝ ወደ ዎርድ የሚያወጣ ኮድ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን የምስክር ወረቀት ከዳታቤዝ እያወጣ በዎርድ የሚያዘጋጅለትን ፕሮግራም እንድመለከትለት ጠርቶኝ ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠርቷል። በዚያ ሰኔ ግን የአንድ ክፍል ፋይል አልከፈት አለ። የሌሎቹ ክፍሎች ወረቀት ይወጣል፤ የዚህኛውን ሲከፍቱት ዎርድ ሊነበብ የማይችል ነገር እንዳገኘ ተናግሮ ይዘጋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሦስት ቀን ለፍቶበታል። የሚጠቀምበትን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ዝግጁ ኮድ) በአዲስ ስሪት ተክቷል፣ ዎርድን ራሱን አጥፍቶ እንደገና ጭኗል፣ የኮዱን ግማሽ እንደ አዲስ ጽፏል። ምክንያቱ የተገኘው በመጨረሻ ከአንድ ተማሪ መዝገብ ውስጥ ነው። የወላጅ የሥራ ቦታ በሚለው ሳጥን ውስጥ መዝጋቢዋ «እና» ብላ በመጻፍ ፈንታ & የምትለዋን ምልክት ተጠቅማ ነበር። ኮዱ ይህችን ምልክት እንዳለች ወደ ዎርድ ፋይሉ አስገባት፤ የ43 ልጆች ወረቀት በእሷ ምክንያት ተያዘ።

የዚያ ባለሙያ ጥፋት አለማወቅ አልነበረም፤ ኮድ መጻፉን ከእኔ ባላነሰ ያውቃል። የቸገረው የት እንደሚፈልግ ነው። ከዳታቤዝ እስከ ዎርድ ያለው መንገድ ሲታይ አንድ እርምጃ ይመስላል፤ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ፋይሉ ይወርዳል። በመካከል ግን ብዙ ጣቢያ አለ። ኩዌሪው፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ረድፎችን ያመጣል። ረድፎቹ በኮዱ ውስጥ ጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ይሆናሉ። ጽሑፉ ኤክስኤምኤል በሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ይታሸጋል። የታሸገው ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ሆኖ ወደ ተጠቃሚው ይላካል። ከዚያ ዎርድ ይከፍተዋል፣ ፎንት ፈልጎም ፊደሉን ይስላል። ውሃ ሲጠፋ የቤቱን ቧንቧ ከመፍታታችን በፊት ቆጣሪው ጋ ወርደን እናያለን፣ ጎረቤትም እንጠይቃለን። እዚህም እንደዚያው ነው። ጥፋቱ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ ኮድ መንካት ሁለተኛ ጥፋት ይጨምራል።

የዎርድ ፋይል በውስጡ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የማያውቀውና አንዴ ካወቀው በኋላ ሥራው ግማሽ የሚቀልለት ነገር ይህ ነው፦ ዶክስ (docx) የሚባለው የዎርድ ፋይል ዚፕ ነው። ከዎርድ 2007 ጀምሮ የተለመደው ይህ ዓይነት ፋይል በውስጡ በርካታ ትንንሽ ፋይሎችን የያዘ አንድ ከረጢት ነው። ደረጃው በ2006 ኤክማ በተባለው ደረጃ አውጪ ማኅበር፣ በ2008 ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ጸድቋል፤ ስለዚህ አሠራሩ ለማንም ክፍት ነው። የማትጨነቁበትን አንድ ፋይል ኮፒ አድርጉና መጨረሻው ላይ ያለውን ዶክስ የሚለውን ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይሩት፤ ከዚያ ክፈቱት። «ዎርድ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ በውስጡም «ዶኩመንት» የሚል የኤክስኤምኤል ፋይል አለ። የደብዳቤያችሁ ጽሑፍ በሙሉ ያለው እዚያ ነው። ፎንቱን፣ ስታይሉን፣ ሥዕሉን፣ ራስጌና ግርጌውን የሚገልጹት ሌሎቹ ፋይሎች ናቸው።

የድሮው ዶክ (doc) ግን ሌላ ነው፤ ዚፕ አይደለም፣ እንደ ኖትፓድ ባለ ጽሑፍ ማረሚያም ከፍቶ ማንበብ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት አንድ አቋራጭ ይጠቀሙ ነበር። በኤችቲኤምኤል የተጻፈ ተራ የድረ ገጽ ፋይል አዘጋጅተው ስሙን ዶክ ብለው ይልኩታል፤ ዎርድም ገጽ መሆኑን ለይቶ ይከፍተዋል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንድ ቀን ግን አንድ ሰው «ዘመናዊ ይሁን» ብሎ ቅጥያውን ከዶክ ወደ ዶክስ ይለውጠዋል፤ ፋይሉም በዚያው ይበላሻል። ዎርድ ዶክስ ሲባል ዚፕ ይጠብቃል፣ ያገኘው ግን ኤችቲኤምኤል ነው። ለእንዲህ ያለ ኮድ ሁነኛው መፍትሔ ዶክስን በትክክል የሚጽፍ ላይብረሪ መጠቀም ነው።

ፋይሉ አልከፈት ሲል

መጀመሪያ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት። የሚነበብ ነገር እንደማይኖረው አውቃለሁ፤ የምትፈልጉት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ነው። ትክክለኛ ዚፕ ሁልጊዜ በላቲኖቹ ፒ እና ኬ ይጀምራል፤ የዚፕን አሠራር የፈጠረው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሁለቱ ፊደላት ከሌሉ ወይም ከእነሱ በፊት ሌላ ነገር ካለ፣ ጥፋቱ ከዎርድም ከዳታውም አይደለም፤ ፋይሉ ሲላክ ሌላ ነገር አብሮት ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው መጀመሪያው መስመር ላይ የፒኤችፒ የማስጠንቀቂያ መልእክት ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ያልተሞላ ተለዋዋጭ ወይም ያልተገኘ ፋይል እንዳለ ይናገራል። አንዳንዴም የሚታየው አንድ ባዶ መስመር ብቻ ነው። ከኮድ ፋይሎቹ የአንዱ መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የተተወ ባዶ መስመር ከዚፑ በፊት ወይም በኋላ ይታተማል። የስህተት መልእክቶች ወደ ሎግ (የፕሮግራሙ የራሱ መዝገብ) እንጂ ወደ ተጠቃሚው እንዳይሄዱ አድርጉ፣ ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት የተጠራቀመውን ውጤት አጽዱ፣ ከላካችሁ በኋላም ኮዱን እዚያው አቁሙት።

ሁለቱ ፊደላት በቦታቸው ካሉ ወደ ውስጥ እንገባለን። ዎርድ ያሳየው የስህተት መስኮት ላይ ዝርዝሩን የሚያሳይ ቁልፍ አለ፤ እሱን ሳትጫኑ መስኮቱን አትዝጉ። የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር፣ ስንተኛው ዓምድ ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። የዎርድ ኤክስኤምኤል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ረጅም መስመር ላይ ስለሚጻፍ የመስመሩ ቁጥር ብዙ አይጠቅምም፤ ዓምዱ ግን ቦታውን በትክክል ያሳያል። ዚፑን ፈትታችሁ ፋይሉን በጥሩ ጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱና ወደዚያ ዓምድ ሂዱ። እዚያ አካባቢ የአንድ ሰው ስም ወይም አድራሻ ታያላችሁ። ያ ሰው ዳታቤዙ ውስጥ ያለው መዝገብ ነው መመርመር ያለበት። በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሦስት ቀን የፈጀው ነገር በዚህ መንገድ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልወሰደም።

በኤክስኤምኤል ውስጥ & እና < የራሳቸው ሥራ ያላቸው ምልክቶች ናቸው። ከዳታ ሲመጡ ጠባቂ ተደርጎላቸው፣ በምትካቸው የተወሰነው አጻጻፍ ገብቶ መጻፍ አለባቸው። አንዳንዱ ላይብረሪ ይህን ራሱ ያደርጋል፤ ለምሳሌ የፓይተን ቋንቋው ላይብረሪ ፓይተን ዶክስ ጽሑፉን በራሱ ያዘጋጃል። የፒኤችፒው ላይብረሪ ፒኤችፒዎርድ ግን ካላዘዛችሁት አያደርግም፤ ይህን የሚያበራ አንድ ቅንብር አለው፣ ከመነሻው ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ፓይተን ዶክስ ቴምፕሌት የሚባለው ሌላው ላይብረሪም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ በሁለቱ የተሠራ ፕሮግራም ለወራት ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል፤ & ያለበት የመጀመሪያው ስም እስኪመጣ ድረስ።

ከእነዚህ የባሱት የማይታዩት ናቸው። ኤክስኤምኤል ከመቆጣጠሪያ ምልክቶች መካከል ከ32 በታች ቁጥር ካላቸው ሦስቱን ብቻ ይቀበላል፦ 9፣ 10 እና 13ን፤ እነሱም ታብና የመስመር መለወጫዎቹ ናቸው። ሌላው ሁሉ የተከለከለ ነው። ሰዎች ግን ከፓወርፖይንት ወይም ከሌላ ዎርድ ፋይል ጽሑፍ ቀድተው ቅጹ ላይ ሲለጥፉ 11 ቁጥሯ ምልክት አብራ ትገባለች። በስክሪን አትታይም፣ ዳታቤዙም ሳያጉረመርም ይቀበላታል፤ ዎርድ ፋይሉ ላይ ስትደርስ ሁሉን ታበላሻለች። ወደ ዎርድ ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን የሚያጠፋ አንድ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉና እያንዳንዱን ጽሑፍ በእሱ በኩል አሳልፉት። ከሁሉም በላይ የምመክረው ጥንቃቄ ይህ ነው።

አማርኛው ሲበላሽ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በእኛ ቢሮዎች ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነውና። ሰዎች «ፊደሉ ተበላሸ» ብለው ይደውላሉ። ይህ ግን አራት የተለያየ በሽታ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ መልክ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁልጊዜ «ምን ይታያል?» ነው።

ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ዳታው ደህና ነው፤ ደስ ይበላችሁ። ዎርድ ፊደሉን ያውቀዋል፣ የሚስልበት ፎንት ግን አላገኘም። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ስሪት ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፎንት ይዞ መምጣት የጀመረው በቪስታ ላይ በኒያላ ነው። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው፤ ያለ ተጨማሪ የሚገኘው ኤብሪማ ነው። ስለዚህ በኮዱ ውስጥ «ኒያላ» ብላችሁ የጻፋችሁት ደብዳቤ በእናንተ ማሽን ላይ አምሮ በሌላው ላይ መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ሳጥን በብዛት የማየው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ፕሮግራሙ ሊነክስ ሰርቨር ላይ ሆኖ የዎርዱን ፋይል በሊብሬኦፊስ ወደ ፒዲኤፍ ሲለውጥ። ሰርቨሩ ሲዘጋጅ የአማርኛ ፎንት ያስገባበት ሰው የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ሰርቨሩ ላይ መጫን ችግሩን ይፈታዋል፤ ኮዱ ምንም አልበደለም።

ደብዳቤው ላይ የጥያቄ ምልክቶች ከተደረደሩ ግን ነገሩ ከባድ ሊሆን ይችላል። የጥያቄ ምልክት የሚመጣው ፊደሉ የኢትዮጵያን ፊደል ወደማያውቅ የፊደል ሰሌዳ እንዲገባ ሲገደድ ነው። ያ የሆነው ሲወጣ ከሆነ ይድናል፤ ሲገባ ከሆነ ግን ጠፍቷል። ለመለየት ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ሄክስ የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙና ዳታው በእርግጥ ምን ሆኖ እንደተቀመጠ እዩ። 3ኤፍ (3F) የሚለው እየተደጋገመ ከመጣ በዳታቤዙ ውስጥ ያለው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ስሙ አይመለስም፣ ከወረቀት ፎርሙ እንደገና መጻፍ ነው። ኢ1 (E1) እያለ የሚጀምር ሦስት ሦስት ባይት (የኮምፒዩተር ትንሽ የማከማቻ መለኪያ) ካያችሁ ግን ስሙ ሳይነካ ተቀምጧል፣ የሚጎዳው በመንገድ ላይ ነው። ኮዱ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝ ዩኒኮድን በሚያውቀው በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንዲነጋገር እዘዙት። ማይኤስኪውኤል እስከ 8ኛው ስሪቱ ድረስ ሳይጠየቅ የሚጠቀመው የምዕራብ አውሮፓን ፊደላት ብቻ የሚያውቀውን ላቲን1ን ነበር፤ በአሮጌ ሰርቨሮች ላይ ይህ ችግር የበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። በማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ዓምዱ ቫርቻር ሳይሆን ዩኒኮድ የሚቀበለው ዓይነት፣ ኤንቫርቻር፣ መሆን አለበት። ዓምዱ ኤንቫርቻር ሆኖም እንኳ ጽሑፉ በቀጥታ ኩዌሪው ውስጥ ሲጻፍ ከጥቅሱ ፊት ኤን የምትለዋ የላቲን ፊደል ከሌለች የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገባል። ጽሑፉን ኩዌሪው ውስጥ ከመጻፍ ለብቻው በፓራሜትር ማስገባት ይህንንም ያስወግዳል፣ ከሰርጎ ገቦችም ይጠብቃል።

ሦስተኛው መልክ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። በጥንቃቄ ስታዩት በላይዋ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ (á) በየሦስቱ ምልክት እየተመለሰች ትታያለች። ይህ ድንገት አይደለም። ዩኒኮድን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ ዋና የኢትዮጵያ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት ኢ1 ነው፣ ላቲን1 ደግሞ ኢ1ን የሚያነበው ያችኑ ጭረት ያለባት ኤ ብሎ ነው። ስለዚህ ይህችን ፊደል ስትደጋገም ካያችሁ ያለ ጥርጥር ዩቲኤፍ8 የሆነ ጽሑፍ እንደ ላቲን1 ተነብቧል። ምንም አልጠፋም፤ በትክክለኛው መነጽር ማንበብ ብቻ ነው። አደጋው በተበላሸ መልኩ ተመልሶ ዳታቤዙ ውስጥ ከተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ ጥገናው መዝገብ በመዝገብ እየታየ የሚሠራ ስለሚሆን አስቀድማችሁ ባካፕ ሳትይዙ አትጀምሩት።

አራተኛው ደግሞ የቆየ ቅርሳችን ነው። ከዩኒኮድ በፊት አማርኛ የሚጻፈው የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስደው ግዕዝ በሚስሉ ፎንቶች ነበር። በቪዥዋል ግዕዝም ሆነ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ስም ዳታቤዙ ውስጥ ሲታይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው፤ በዚያው ፎንት ሲታተም ብቻ አማርኛ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት የተከማቸ የሠራተኛ መዝገብ በዚህ መልክ የተቀመጠባቸው ቢሮዎች አሉ። አዲሱ ኮድ ይህን ዳታ በዩኒኮድ ፎንት ወደ ዎርድ ሲያወጣው ዝብርቅርቅ ይሆናል፣ ኢንኮዲንግ (ፊደል በባይት የሚጻፍበትን ሥርዓት) በመቀያየርም አይድንም። ከሦስተኛው የሚለየው የጭረቷ ኤ በየሦስት ምልክቱ አለመመለሷ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው የዚያ ፎንት ፊደል በፊደል የመለወጫ ሰንጠረዥ ነው። ትልቁ ጥንቃቄ ደግሞ በአንዱ ዓምድ ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ተደባልቀው ሊገኙ መቻላቸው ነው፤ ዩኒኮድ የሆነውን ለይታችሁ ሳታስቀሩ ሁሉንም ከለወጣችሁት ደህና የነበረው ይበላሻል።

ስለ ሦስቱ ባይት አንድ ነገር ልጨምር። ርዝመትን በባይት የሚቆጥር ኮድ ለእንግሊዝኛ ተጽፎ ሳለ አማርኛ ሲገባበት ይሳሳታል። 40 ባይት ላይ ቁረጥ የተባለ የፒኤችፒ ፈንክሽን 13 የአማርኛ ፊደላትን ይሰጥና የአሥራ አራተኛዋን ሲሶ ጨምሮ ይሄዳል። ያቺ የተቆረጠች ፊደል ሕጋዊ ጽሑፍ ስላልሆነች ፋይሉን በሙሉ አልከፈት ልታሰኝ ትችላለች። ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ላይም 50 ተብሎ የተወሰነ ዓምድ በባይት ከተቆጠረ 16 ፊደል ነው የሚይዘው፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በአንድ ላይ ለመጻፍ አይበቃም።

ቴምፕሌቱ ላይ ያለው ስም ሳይተካ ሲቀር

ብዙ ፕሮግራም የሚሠራው ደብዳቤውን በዎርድ እንደ ቴምፕሌት (ናሙና) አዘጋጅቶ፣ ስሙ የሚገባበት ቦታ ላይ በቅንፍ የታጠረ ቃል በማኖር ነው። ኮዱ ያን ቃል ፈልጎ በእውነተኛው ስም ይተካዋል። ከዚያ አንድ ቀን ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ታስተካክላለች፣ አንድ ቃል ታደምቃለች፤ በማግሥቱ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ስም በሚገባበት ቦታ ቅንፉን እንደያዙ ይወጣሉ። ኮዱን የነካው የለም፣ በዓይን ሲታይም ቃሉ ሙሉ ነው።

ዚፑን ፍቱና እዩት። ዎርድ አንድን አንቀጽ እንደ አንድ ጽሑፍ አያስቀምጥም፤ በየቁራጩ ይከፋፍለዋል። የፊደል ማረሚያው ስህተት ብሎ ባሰመረበት፣ ቋንቋ በተለወጠበት፣ በሌላ ቀን በተጨመረበት ቦታ ሁሉ አዲስ ቁራጭ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ይብሳል፦ ቅንፉ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይጻፋል፣ ወደ አማርኛው ይዞራል፣ ቃሉ ይጻፋል፣ እንደገና ተመልሶ ይዘጋል። አንዱ ምልክት ሦስት ቦታ ተሰብሮ ይቀራል፤ ኮዱ ሙሉውን ቃል ይፈልጋል፣ ሙሉው ቃል ግን የትም የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የምልክቱን ስም በላቲን ብቻ አድርጉት። ኖትፓድ ላይ ጻፉትና ቀድታችሁ ያለ ቅርጽ፣ ጽሑፉን ብቻ ለጥፉት። ፊደል በፊደል አታርሙት፤ ከተሳሳተ ሙሉውን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ለጥፉ። ቴምፕሌቱን የሚያስተካክሉት የቢሮው ሠራተኞች ይህን እንዲያውቁ ማድረግ ከማንኛውም የኮድ ብልሃት ይበልጣል።

ቀኑ

በደብዳቤ ላይ ቀን ሲሳሳት መዘዙ ትልቅ ነው። የልደት ቀኑ በአንድ ቀን የተለየ ሰው ለፓስፖርት ሲሄድ ይመለሳል። አንድ ቀን ወደኋላ የሚሄድ ቀን ካያችሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሰዓት ሰቅን ነው። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ እኩለ ሌሊት ላይ የተመዘገበ ቀን ወደ መነሻው ሰዓት ሲለወጥ በዋዜማው በፈረንጅ አቆጣጠር 21 ሰዓት ይሆናል፤ ኮዱ ከዚያ ቀኑን ብቻ ቆርጦ ሲወስድ ዋዜማውን ይዞ ይሄዳል። የልደት ቀን ሰዓት የሌለው ነገር ነው፤ ሰዓት በሌለው የዳታ ዓይነት አስቀምጡት፣ በመንገድም ሰዓት አትጨምሩበት።

ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲለወጥ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በመቀነስ የተሠራ ኮድ ብዙ አይቻለሁ። የእኛ አዲስ ዓመት ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ግን 12 ላይ ይውላል። የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ዋለ፤ የ2017ቱ መስከረም 1 ግን ወደ 11 ተመለሰ። ይህን ያላሰበ ኮድ በየአራት ዓመቱ ለወራት ያህል በአንድ ቀን የተዛነፈ ደብዳቤ ያወጣል፣ ከዚያ ራሱ «ይስተካከላል»፤ ለዚህ ነው ምክንያቱ የሚሰወረው። ይህን ሒሳብ በእጃችሁ አትጻፉት። አይሲዩ የሚባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በውስጡ ይዟል፤ ጃቫስክሪፕትና ፒኤችፒም ይህንኑ መጠቀም ይችላሉ።

የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በቀን ዓይነት ዓምድ ውስጥ ያስቀመጠ ዳታቤዝ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጥቅምት 30ን ፈልጉ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ይወስደዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጥብቅ ያልሆነ ማይኤስኪውኤል ዜሮ ብቻ የሆነ ቀን ያስቀምጥበታል፤ 13ኛ ወር የሆነችው ጳጉሜንም እንደዚሁ ትጠፋለች። በዳታቤዙ ውስጥ በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጡ፣ ወደ እኛው የምትለውጡት ደብዳቤው ላይ ስትጽፉ ብቻ ይሁን።

የጎደለ ሰው፣ የተደገመ ሰው

ፋይሉ ተከፈተ፣ ፊደሉ አማረ፣ ቀኑም ልክ ነው፤ ግን 43 መሆን የነበረበት 41 ነው። ይህ ከዎርድ ጋር አይገናኝም። ኩዌሪው ሁለት ሰንጠረዦችን በኢነር ጆይን ሲያገናኝ፣ በሁለተኛው ውስጥ መዝገብ የሌለውን ሰው ይጥለዋል። ስልክ ያላስመዘገበ ተማሪ ስልኩ ብቻ ባዶ መሆን ሲገባው ወረቀቱ በሙሉ ይቀራል፤ የጎደለውን ባዶ ትቶ ሰውየውን የሚያመጣው ሌፍት ጆይን መሆን ነበረበት። ሁለት ስልክ ያስመዘገበው ደግሞ ሁለት ወረቀት ይወጣለታል። ይህን ለመያዝ ኮዱ ሲጨርስ ስንት ሰው እንዳለና ስንት ወረቀት እንደወጣ ቆጥሮ እንዲያወዳድር አድርጉ፤ ልዩነት ካለ ይቁም። ምስክር ወረቀቱ የቀረበት ልጅ በምረቃው ቀን ከሚያውቀው ዛሬ ኮዱ ቢጮህ ይሻላል።

ባዶ ቦታ ላይ «ኖን» ወይም «ነል» የሚለው የፕሮግራም ቃል በላቲን ታትሞ የወጣበት ደብዳቤ ለባለጉዳዩ ስድብ ነው። ባዶ ሊሆን የሚችለውን እያንዳንዱን ዓምድ እዩና ምን እንደሚጻፍበት አስቀድማችሁ ወስኑ።

በዎርዱ የራሱ ሜይል መርጅ (ከዝርዝር ደብዳቤ የሚያባዛው መሣሪያ) ከኤክሴል ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ረጅም ማብራሪያ በ255ኛው ፊደል ላይ ቢቆረጥ አትደነቁ። ኤክሴሉን የሚያነበው ድራይቨር የዓምዱን ዓይነት የሚገምተው ከመጀመሪያዎቹ 8 ረድፎች ነው፤ በእነሱ ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ካላገኘ ዓምዱን አጭር ብሎ ይፈርጅና የቀረውን ይቆርጣል። ረጅሙን ጽሑፍ የያዘውን ረድፍ ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ይፈታዋል። በዜሮ የሚጀምሩ ስልኮችም በቁጥር ዓምድ ውስጥ ካሉ ዜሯቸውን ያጣሉ፤ ስልክ ጽሑፍ ነው፣ አይደመርም አይቀነስም።

ሰርቨር ላይ ዎርድን ማስነሣት

በፕሮግራመሩ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ዝም ብሎ የሚቆም ኮድ ካለ፣ ዎርድን ራሱን ከጀርባ እያስነሣ እንደሚጽፍ ጠርጥሩ። ዎርድ ፊቱ የተቀመጠ ሰው እንዳለ ታስቦ የተሠራ ነው። አንድ ጥያቄ የያዘ መስኮት ሲከፍት ሰርቨሩ ላይ መልስ የሚሰጠው የለም፤ ኮዱ ለዘላለም ይጠብቃል። የተግባር መቆጣጠሪያውን ብትከፍቱ ያልተዘጉ ዎርዶች ተደርድረው ታገኛላችሁ፣ እነሱ የያዙትን ፋይልም ሌላ ሊጽፍበት አይችልም። ማይክሮሶፍት ራሱ ኦፊስን በዚህ መንገድ ሰርቨር ላይ መጠቀምን አይመክርም። ዎርድ ሳይጫን ዶክስ የሚጽፉ ላይብረሪዎች ለፓይተን፣ ለጃቫ፣ ለዶትኔትና ለፒኤችፒ አሉ፤ ወደ እነሱ መዛወር ለጥቂት ቀን ያደክማል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌሊት አያስነሣም።

ፍጥነት ላይ ብዙ አልልም። በፓይተን ዶክስ ሺህ ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ እየሞላችሁ ከተንቀራፈፈ፣ ምናልባት እያንዳንዱን ሳጥን በረድፍና በዓምድ ቁጥሩ እየጠራችሁ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥሪ ሰንጠረዡን በሙሉ እንደገና ያሰላዋል። ረድፉን አንዴ ይዛችሁ ሳጥኖቹን ከእሱ ውሰዱ። ሰንጠረዡ ከ63 ዓምድ በላይ ከሆነ ደግሞ ዎርድ አይቀበለውም፤ ያ ሪፖርት ቦታው ኤክሴል ነው።

አሁን ለሠራሁት ሁሉ፣ የሙከራው ዳታቤዝ ውስጥ አንድ የማይኖር ሰው አስቀምጣለሁ። የሥራ ቦታው & እና < አለበት። አድራሻው ውስጥ 11 ቁጥሯ የማትታይ ምልክት ተሸሽጋለች። የአያቱ ስም ረጅም ነው፣ ስልኩ በዜሮ ይጀምራል፣ ሁለተኛ ስልክም አለው። የተወለደው ጳጉሜን 6 ነው፣ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 30። ማብራሪያው ከ255 ፊደል ያልፋል፣ የእናቱ ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው። ኮዱን በነካሁ ቁጥር የሱን ደብዳቤ አውጥቼ፣ አትሜ፣ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ።